ሱሺ ስለ ምን ይወደዳል? ስለ ኮመጠጠ ሩዝ፣ ስለ ዓሣና ስለ ልክ

(በፋኩልቲው ሕዝባዊ ገለጻ መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ ወዲህ አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ፈገግ እያሉ «ስለምትወደው ምግብ ልታወራልን ነውን?» ብለውኛል። መልሴ አዎን ነው። መውደድን ግን ምክንያት እንደማይጠየቅበት ነገር አልቆጥረውም። «የምትወዱት ምግብ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ልጆችን የምናጫውትበት ጥያቄ ይመስላል። «ስለ ምን ወደዳችሁት?» የሚለው ሲከተለው ግን መላሹ ኬሚስትሪን፣ ታሪክን፣ የገበያን ጠባይ፣ በመጨረሻም ሥነ ምግባርን ሳይነካ ሊመልስ አይችልም። ዛሬ ይህንኑ ጥያቄ በሱሺ ምክንያት ከእናንተ ጋር ልመረምር ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። ለከፍተኛ ትምህርት ጃፓን በደረስሁበት ሰሞን ሱሺን አልወደድሁትም፤ እንዲያውም ፈርቼው ነበር። በጥሬ ሥጋና በክትፎ ያደገ ሰው ጥሬ ዓሣን መፍራቱ ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ ግን አላሳቀኝም። የጓደኞቼን ግብዣ በልዩ ልዩ ሰበብ ሳልፍ ወራት አለፉ።

ከሱሺ ጋር ያስታረቀኝ ጣዕም ሳይሆን ሽታ ነበር። በአንድ የበዓል ቀን አብሮኝ የሚማር ወጣት ወደ ትውልድ ቀዬው፣ በሺጋ አውራጃ ወደሚገኘው የቢዋ ሐይቅ ዳርቻ ወሰደኝ። አያቱ በጓዳ ያስቀመጡትን ትልቅ የእንጨት በርሜል ሊያሳዩኝ ድንጋዩን አንሥተው ክዳኑን ከፈቱ። ጓደኛዬ «ሽታው ይከብድሃል» ብሎ አስጠንቅቆኝ ነበር። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ቀረሁ። የመጣብኝ የእናቴ ቡሃቃ በሦስተኛው ቀን ሲከፈት የሚወጣው ያ የሊጥ ሽታ ነበር። አያቲቱ ከበርሜሉ ያወጡት ዓሣና ሩዝ «ፉናዙሺ» ይባላል፤ የዛሬዎቹ ሱሺዎች ሁሉ ቅድመ አያት ከሆነው ምግብ እስከ ዘመናችን የዘለቀ ነው። ስለ ሱሺ የማውቀውን ሁሉ መማር የጀመርሁት ከዚያ በርሜል ነው፤ የዛሬውንም ንግግር ከዚያው እጀምራለሁ።

ስሙ ምን ይነግረናል?

ብዙ ሰው ሱሺ ማለት ጥሬ ዓሣ ማለት ይመስለዋል። ጥሬ ዓሣ ተከትፎ ያለ ሩዝ ሲቀርብ ጃፓኖች «ሳሺሚ» ይሉታል። «ሱሺ» የሚለው ቃል ግን የመጣው በጥንታዊው ጃፓንኛ «ኮምጣጣ» ከሚል ቅጽል ነው። ስለዚህ በእንቁላል፣ በኪያር፣ ወይም ተጠብሶ በጣፈጠ የአኩሪ አተር ቶፉ የተሠራ ሱሺ አለ፤ የኮመጠጠ ሩዝ የሌለበት ሱሺ ግን የለም። ዓሣው ይለዋወጣል፤ ሩዙ ይኖራል። በጃፓን የሱሺ ባለሙያ ለመሆን የገባ ተለማማጅ ቢላዋ ይዞ ዓሣ ፊት ከመቆሙ በፊት ሩዝ በማጠብና በማብሰል ረጅም ጊዜ የሚያሳልፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ኮምጣጣነቱ ከየት መጣ? ሊቃውንት እንደሚስማሙበት ዘዴው የተጀመረው ሩዝ በሚመረትባቸው የደቡብ ምሥራቅ እስያ የወንዝ ሸለቆዎች፣ በተለይም በሜኮንግ ወንዝ አካባቢ ሳይሆን አይቀርም። በዝናብ ወራት ዓሣ ይትረፈረፋል፤ በበጋ ይጠፋል። ገበሬው የተትረፈረፈውን ለማቆየት ዓሣውን በጨው ያሻል፤ በተቀቀለ ሩዝ መካከል ይቀብረዋል፤ አየር እንዳይገባ ከላይ በድንጋይ ይጫነዋል። በሩዙ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳሩን እየበሉ ላክቲክ አሲድ ያመነጫሉ፤ አሲዱም ዓሣን የሚያበሰብሱትን ሌሎች ባክቴሪያዎች ያግዳል። የጤፍ ሊጣችንን የሚያኮመጥጡትም የእነዚሁ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ዘመዶች ናቸው፤ እርሾ ያግዛቸዋል። እንግዲህ በቢዋ ሐይቅ ዳር የእናቴን ቡሃቃ ማሽተቴ የናፍቆት ቅዠት አልነበረም፤ አፍንጫዬ ትክክለኛ የኬሚስትሪ ምስክርነት ሰጥቷል።

በዚያ ዘመን ሩዙ የሚበላ አልነበረም። ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ፈሳሽ ሆኖ ስለሚቀር ይጣልና ዓሣው ብቻ ይበላል። ዘዴው ወደ ጃፓን ከገባ በኋላ ለቤተ መንግሥት የሚገበር ክቡር ዕቃ ሆነ። በ718 የተዘጋጀው የዮሮ ሕግ ሱሺን በዓይነት ከሚከፈሉ ግብሮች መካከል ይጠቅሰዋል፤ በ927 የተጠናቀቀው «ኤንጊሺኪ» የተባለው የሥርዓት መጽሐፍም ከየአውራጃው ስለሚመጣው ሱሺ ይዘረዝራል። ዛሬ በጥቁር ሳሕን ተደርድሮ የምናየው ምግብ አንድ ጊዜ እንደ ማርና እንደ ጨው በግብር ቤት የሚቆጠር ነበር።

ከዓመት ወደ ደቂቃ

ከዚህ በኋላ ያለው የሱሺ ታሪክ ባጭሩ ጊዜን የማሳጠር ታሪክ ነው። ፉናዙሺ በጨው ለወራት፣ በሩዝ ውስጥ ደግሞ እንደገና ለወራት ይቆያል፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ከ1336 እስከ 1573 በዘለቀው የሙሮማቺ ዘመን ሰዎች ሳምንታት ብቻ ጠብቀው በርሜሉን መክፈት ጀመሩ። ሩዙ ገና አልፈረሰም፤ መጠነኛ ኮምጣጣነትም አለው። ቀምሰው ወደዱት። በእኔ አስተያየት በሱሺ ታሪክ ትልቁ ቀን ይህ ነው፤ ማቆያ የነበረው ነገር ራሱ ምግብ ሆነ።

በኢዶ ዘመን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተነሣ። የምንፈልገው ኮምጣጣነቱን ከሆነ ባክቴሪያውን ስለ ምን እንጠብቃለን? ኮምጣጤ በሩዙ ላይ ብናፈስስበትስ? እንዲህ የተሠራው ሱሺ «ሃያዙሺ»፣ ማለትም ፈጣን ሱሺ ተባለ። በ1804 ናካኖ ማታዛኤሞን የተባለ የሳኬ ጠማቂ ሃንዳ በተባለችው የወደብ ከተማ ከሳኬ አተላ ቀይ ኮምጣጤ ማምረት ጀመረ። ቀድሞ ይጣል የነበረው አተላ ርካሽና ጥሩ ኮምጣጤ ሆኖ በመርከብ ወደ ኢዶ፣ ወደ ዛሬዋ ቶኪዮ ተጓዘ። ኢዶ ያን ጊዜ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ነበረች፤ አናጢው፣ ተሸካሚውና ደላላው በመንገድ ዳር ቆሞ የሚበላው ምግብ ይፈልግ ነበር። በ1820ዎቹ ሃናያ ዮሄይ (ከ1799 እስከ 1858) በሪዮጎኩ ሰፈር ኮመጥማጣ ሩዝ በእጁ ጨብጦ፣ ዓሣ ደርቦበት፣ ወዲያው ለበላተኛ ማቅረቡ ይነገርለታል። ይህ «ኒጊሪ» የሚባለው ነው፤ ትርጉሙም «በእጅ የተጨበጠ» ማለት ነው። የዚያን ጊዜው ኒጊሪ ከዛሬው ሁለትና ሦስት እጥፍ ይበልጥ ነበር። ሁለት ወይም ሦስት የበላ ሠራተኛ ጠግቦ ወደ ሥራው ይመለሳል።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ አንድ ዓመት ይፈጅ የነበረው ምግብ ደቂቃ የማይፈጅ ሆነ። ጣዕሙ ግን መነሻውን አልካደም። ዛሬ በሱሺ ሩዝ ላይ የምንቀምሰው ኮምጣጤ ባክቴሪያው ለሺህ ዓመታት የሠራውን ሥራ የሚያስታውስ ነው። የማቆየት አስፈላጊነት ካለፈ በኋላ የማቆየት ጣዕም ቀረ።

ኒጊሪ ከኢዶ ወደ መላው ጃፓን የተዳረሰበትም መንገድ የሚያስገርም ነው። በመስከረም 1 ቀን 1923 የደረሰው ታላቁ የካንቶ የመሬት መንቀጥቀጥ ቶኪዮን ሲያወድም ቤትና ሥራ ያጡ የሱሺ ባለሙያዎች ወደየትውልድ አገራቸው ተበተኑ፤ ሙያቸውንም ይዘው ሄዱ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በምግብ እጥረት ምክንያት በ1947 ምግብ ቤቶች ሥራቸው ሲገደብ ደግሞ የሱሺ ባለሙያዎች ብልሃት ፈጠሩ። ደንበኛው የራሱን አንድ ስፍር ሩዝ ይዞ ይመጣል፤ ባለሙያው የእጁን ዋጋ ብቻ ተቀብሎ ዐሥር ኒጊሪ ሠርቶ ይሰጠዋል። በ1958 ሺራይሺ ዮሺያኪ በኦሳካ አጠገብ በቢራ ፋብሪካ ካየው ተንቀሳቃሽ መስመር ተነሥቶ ሱሺ በሚዞር ቀበቶ ላይ እየተጓዘ በበላተኛው ፊት የሚያልፍበትን ምግብ ቤት ከፈተ። ዛሬ ሱሺ በአንድ በኩል ወራት አስቀድሞ ቦታ የሚያዝበት የውድ ገበታ ነው፤ በሌላ በኩል ተማሪ በኪሱ ሳንቲም የሚበላው ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ የበላሁት ያንን የሚዞረውን ነው፤ የማፍርበትም አይደለሁም።

በአንድ ጉርሻ ውስጥ ያለው ሳይንስ

ታሪኩ ይህን ከመሰለ፣ ምላሳችንስ ምን ያገኛል? ኒጊሪ በመጠኑ ጉርሻ ነው። ባለሙያው በእጁ ሠርቶ ከፊታችሁ ያኖረዋል፤ እናንተም በእጃችሁ አንሥታችሁ ባንዴ ትጎርሱታላችሁ። በእጅ መብላት ነውር የማይባልበት ገበታ በማግኘቴ ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ከእናንተ መካከል ውጭ አገር የኖራችሁ ትረዱልኛላችሁ።

ከሩዙ እንጀምር። የጃፓን ሩዝ አጭርና ወፍራም ነው። በስታርቹ ውስጥ አሚሎስ የተባለው ክፍል አነስተኛ፣ አሚሎፔክቲን የተባለው ብዙ ስለሆነ ሲበስል ይጣበቃል። ባለሙያው ግን አጥብቆ አይጨብጠውም። ፍሬዎቹ በጣት ሲያዙ እንዳይበተኑ፣ በአፍ ሲገቡ ግን እንዲበተኑ በመካከላቸው አየር ይተዋል። ሩዙም ከማቀዝቀዣ የወጣ መሆን የለበትም፤ በሰውነት ሙቀት አካባቢ ሲሆን በላዩ ያለው የዓሣ ስብ መለስለስ ይጀምራል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ስታርቹ ይደርቃል። ኮምጣጤው የስቡን ክብደት ያቀልላል፤ ለጤናም ጠባቂ ነው። የሩዙ ፒኤች ከ4.6 በታች ሲወርድ ብዙ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች መራባት አይችሉም።

ቀጥሎ «ኡማሚ» የተባለው ጣዕም ይመጣል። በ1908 ኢኬዳ ኪኩናኤ የተባሉ የቶኪዮ ኬሚስት ኮምቡ ከተባለ የባሕር አረም መረቅ ግሉታሜትን ለይተው አወጡ፤ ከጣፋጭ፣ ከጎምዛዛ፣ ከመራራና ከጨዋማ የተለየ አምስተኛ ጣዕም መሆኑንም ገለጹ። ደቀ መዝሙራቸው ኮዳማ ሺንታሮ በ1913 ከደረቀ ዓሣ ኢኖሲኔትን አገኙ። በ1950ዎቹ ኩኒናካ አኪራ ሁለቱ ሲገናኙ ጣዕሙ ከድምራቸው እጅግ እንደሚበልጥ አሳዩ። አሁን ወደ ኒጊሪው እንመለስ። የአኩሪ አተር ሶስ ግሉታሜት አለው፤ ዓሣው ኢኖሲኔት አለው። የኢዶ የመንገድ ዳር ሻጭ የእነዚህን ስም ሳይሰማ አገናኛቸው፤ ሳይንስ መቶ ዓመት ቆይቶ ደረሰበት።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ስሕተት ላርም። «ዓሣ እንደተያዘ ወዲያው ሲበላ ይጣፍጣል» ይባላል። ኢኖሲኔት ግን የሚፈጠረው ዓሣው ከሞተ በኋላ በጡንቻው ውስጥ የነበረው ኤቲፒ የተባለ የኃይል ሞለኪውል ሲፈራርስ ነው። ስለዚህ ብዙ የሱሺ ባለሙያዎች አንዳንዱን ዓሣ በቅዝቃዜ ለሰዓታት፣ ትልቁን ለቀናት ያቆዩታል። ትዕግሥት ከሱሺ ፈጽሞ አልወጣም ማለት ነው፤ ከበርሜሉ ወደ ባለሙያው ማቀዝቀዣ ተዛወረ እንጂ።

ዋሳቢም ሥራ አለው። ሥሩ ሲፋቅ የሚፈጠረው አሊል አይሶታዮሳያኔት የተባለው ውሕድ እንደ ሰናፍጭ ወደ አፍንጫ ይወጣል፤ ለባክቴሪያም አይመችም። ኃይሉ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚተን በበላተኛው ፊት ይፋቃል። ከጃፓን ውጭ በአብዛኛው የሚቀርበው አረንጓዴ ነገር ግን የሌላ ተክል ሥር ተፈጭቶ ቀለም የተነከረ ነው።

የማንቸስተሯ ሴት

ሱሺን የጃፓን ምግብ ብቻ አድርጎ የሚያስብ ሰው ካለ ይህን ታሪክ ያዳምጠኝ። ሱሺ የሚጠቀለልበት ጥቁር ቅጠል «ኖሪ» የሚባል የባሕር አረም ነው። የጃፓን ገበሬዎች ለዘመናት በባሕር ዳር ቀርቀሃ ተክለው ኖሪ ሲያበቅሉበት ዘሩ ከየት እንደሚመጣ አያውቁም ነበር። በአንዳንዱ ዓመት ይበቅላል፤ በሌላው ይጠፋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ምርቱ እጅግ ወድቆ ብዙ ቤተሰብ ለችግር ተዳረገ።

በዚያው ጊዜ ካትሊን ድሩ ቤከር የተባለች እንግሊዛዊት የዕፅዋት ተመራማሪ ማንቸስተር ውስጥ በዌልስ ዳርቻ የሚበቅለውን የኖሪ ዘመድ ታጠና ነበር። ስታገባ፣ ባለትዳር ሴት ስለማይቀጠር፣ የመምህርነት ሥራዋን አጥታለች፤ ያለ ደመወዝ ምርምሯን ግን ቀጠለች። በ1949 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ባሳተመችው አጭር ጽሑፍ፣ በቀንድ አውጣና በኦይስተር ቅርፊት ውስጥ የሚገኝና የሌላ ዝርያ ይመስል የነበረ ቀይ ክር መሰል ነገር የዚሁ የባሕር አረም የሕይወት ምዕራፍ መሆኑን አስታወቀች። የጠፋው ዘር የሚደበቀው በቅርፊት ውስጥ ነበር። የጃፓን ሊቃውንት ይህን ተቀብለው ኖሪን በቅርፊት ላይ ዘርቶ ማብቀል ተቻለ። እርሷ በ1957 ዐረፈች፤ ጃፓንን አላየችም። በኡቶ ከተማ በአሪያኬ ባሕር ዳር የኖሪ አርቢዎች መታሰቢያ አቁመውላት በየዓመቱ በሚያዝያ 14 ቀን ያስቧታል፤ «የባሕር እናት» ይሏታል። «ይህ ምርምር ምን ይጠቅማል?» የሚል ጥያቄ ለሚቀርብባችሁ ተማሪዎች ይህን ታሪክ ስንቅ አድርጌ ሰጥቻችኋለሁ።

ጥሬነት የሚጠይቀው ጥንቃቄ

አሁን ወደሚያስፈራው ነገር ልምጣ። ጥሬ ዓሣ ያለ ዕውቀት አይበላም። አኒሳኪስ የተባለው ጥገኛ ትል በብዙ የባሕር ዓሦች ይገኛል። ጃፓኖች ራሳቸው ከፓሲፊክ የሚያዘውን ሳልሞን በዚህ ምክንያት በጥሬው አይበሉትም ነበር። ዛሬ በሱሺ ቤት ሁሉ የምናየው ብርቱካንማ ሳልሞን ወደ ገበታው የገባው በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ነው፤ በተዘጋጀ መኖ የሚያድግ የኖርዌይ እርባታ ሳልሞን ከትሉ እጅግ የጠራ ስለሆነ ኖርዌያውያን ለዓመታት ተከራክረው ጃፓኖችን አሳመኑ። በጥሬው ለሚበላ ሌላ ዓሣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ7 ቀናት እንዲቀዘቅዝ ያዝዛል፤ ይህ ቅዝቃዜ ትሉን ይገድለዋል። ሎሚና ኮምጣጤ ግን አይገድሉትም፤ በርበሬም አይገድለውም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ለእኛም ስለሚገባ ነው። በሐዋሳ አሞራ ገደል ከሐይቁ የወጣ ጥሬ ዓሣ በሚያቃጥል ቅመም እንደሚበላ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ የበላችሁም ትኖራላችሁ። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ዓሦች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ኮንትራሲኩም የተባለ፣ ከአኒሳኪስ ጋር የሚዛመድ ጥገኛ ትል ተመዝግቧል። ልማዱን ለመንቀፍ አልተነሣሁም፤ ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው ሌላውን በጥሬ ዓሣ አይወቅስም። ዳሩ ግን ሱሺ ከቴክኒኩ ውጭ ሲወሰድ ሱሺ አይደለም። የቢዋ ሐይቅ ሰዎች የሐይቅ ዓሣቸውን ለወራት በጨው፣ ለወራት በአሲድ ያቆዩት በከንቱ አልነበረም። ይህን ጥንቃቄ በአገራችን ዓሣ ላይ የሚያጠና ተማሪ ከመካከላችሁ ቢነሣ ደስታዬ ነው።

መውደድና ልክ

የመጨረሻው ነጥቤ ስለ ዋጋው ነው። በኢዶ ዘመን የቱና ስብ ክፍል ማንም የማይፈልገው ነበር፤ ያለ በረዶ ቶሎ ይበላሻልና ድመት እንኳ ትሻገረዋለች ይባል ነበር። ማቀዝቀዣ መጣ፤ ጣዕም ተለወጠ፤ ዛሬ «ቶሮ» የተባለው ያ የተናቀው ክፍል ከሁሉ ውድ ሆነ። በጥር 2019 በቶኪዮ የቶዮሱ ገበያ 278 ኪሎ የሚመዝን አንድ ብሉፊን ቱና በ333.6 ሚሊዮን የን ተሸጠ። እርግጥ ነው፣ የአዲስ ዓመት የመጀመሪያ ጨረታ ለስም የሚደረግ ነው። ዋጋው ግን የፍቅራችንን መጠን ያሳያል፤ ፍቅራችንም ባሕሩን አራቁቶ ነበር። የፓሲፊክ ብሉፊን የሚራባው ክፍል ዓሣ ማጥመድ ባይኖር ይኖር ከነበረው ወደ ጥቂት በመቶ ወርዶ ነበር።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። አገሮች ተስማምተው በተለይ ገና ያልዋለዱ ትንንሽ ቱናዎችን የመያዙን መጠን በግማሽ ቀነሱ። በ2024 የወጣው ሳይንሳዊ ግምገማ መንጋው ከታቀደለት ጊዜ ቀድሞ በ2021 ከ20 በመቶ በላይ ማገገሙን አረጋገጠ። በሌላ በኩል በሱሺ ቤት የሚወደደው የጃፓን ኢል ከ2014 ጀምሮ ለመጥፋት በተቃረቡ ፍጥረታት መዝገብ ላይ ይገኛል። የፉናዙሺው የቢዋ ሐይቅ ዓሣም ከቀድሞው ቁጥሩ እጅግ ቀንሷል። ያኔ በርሜላቸውን የከፈቱልኝ አያት ከብዛቱ የተነሣ ለጎረቤት ይታደል እንደነበረ፣ አሁን ግን ለአዲስ ዓመት ብቻ ቆጥበው እንደሚያወጡት ነግረውኛል። ያን ቀን የቆረሱልኝ ቀጭን ቁራጭ የቁጠባቸው ክፍል እንደ ነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

እንግዲህ ሱሺ ስለ ምን ይወደዳል? ለእኔ መልሱ ይህ ነው። ሱሺ ባወቁት መጠን የሚጣፍጥ ምግብ ነው። ብዙ ምግብ የመጀመሪያው ጉርሻ ይበልጥበታል፤ ሱሺ ግን የሩዙን ታሪክ፣ የባክቴሪያውን ሥራ፣ የማንቸስተሯን ሴትና የባሕሩን ልክ ካወቃችሁ በኋላ ሲበላ ሌላ ነው። ከረኀብ ስጋት የተወለደ፣ በመንገድ ዳር ሠራተኛ ያደገ፣ በመሬት መንቀጥቀጥ የተስፋፋ፣ በምርምር የዳነ ነው። ጉርሻውም ትንሽ ነው። ጥሩ ባለሙያ በማዕዱ መጨረሻ ሌላ እንድትለምኑት ሳይሆን የበላችሁትን እንድታስታውሱ አድርጎ ይሸኛችኋል።

ውድ ተማሪዎች፤ ሱሺን ውደዱ አላልኋችሁም። የምትወዱት ምግብ ሽሮም ይሁን ክትፎ፣ ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ «ስለ ምን?» ብላችሁ ጠይቁት። የእናታችሁን ቡሃቃ ክፈቱና አሽትቱ። በውስጡ ያለው ሕያው ነገር ምን እንደሚሠራ፣ እህሉ ከየት እንደመጣ፣ ነገም ይገኝ እንደሆነ መርምሩ። እኔ መልሱን ፍለጋ ጃፓን ድረስ ሄጃለሁ፤ መነሻው ግን እናታችን ጓዳ ነበር።